የርካሽ ጠመንጃ ዋጋ

ነገሩ በስልክ ነው የጀመረው። ከመካከላችን የአንዷ አጎት ኦሃዮ ውስጥ ኮሎምበስ ከተማ ይኖራሉ። እዚያ ቀን ሲሆን እዚህ ሌሊት መሆኑን ከረሱት ቆይተዋልና እንደ ልማዳቸው እኩለ ሌሊት ላይ ደወሉ። ምን መርዶ መጣ ብለን ደንግጠን ስናነሳው ጥያቄያቸው እንዲህ የሚል ሆነ፦ «ልጁ 13 ዓመቱን ሊይዝ ነው። የክፍሌ ልጆች ሁሉ የአየር ጠመንጃ አላቸው እያለ ቁም ስቅሌን አሳየኝ። መቶ ዶላር መድቤያለሁ። የትኛው ይሻላል? እናንተ ጋዜጠኞች አይደላችሁ እንዴ፣ እስቲ አጣርታችሁ ንገሩኝ።»

እኛ ደግሞ ጋዜጠኝነት ስንማር ስለ ዜና አጻጻፍ እንጂ ስለ ጠመንጃ አመራረጥ አልተማርንም። በሕይወታችን ከተኮስነው ሁሉ ትልቁ የወንጭፍ ጠጠር ነው፤ እሱም የጎረቤት ጣራ ላይ አርፎ አስገርፎናል። ቢሆንም የአጎት ትእዛዝ ነውና ፍለጋ ገባን። ዋጋ ልናይ ገብተን ታሪክ ውስጥ ሰጠምን። ያገኘነውን ለእርሳቸው ብቻ ከምንነግር ለእናንተም ይድረስ ብለን እነሆ ጻፍነው። (የምንጠራቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ አጎታችንን እንድትረዱልን። እርሳቸው ያደጉት ጎጃም፣ ግድግዳው ላይ ከአያት የወረደ ውጅግራ በተሰቀለበት ቤት ነው። ለእርሳቸው ለወንድ ልጅ የመጀመሪያውን ጠመንጃ መስጠት የአባት ወግ ነው። ውጅግራው ራሱም ቢሆን በበጀት የመጣ ዕቃ ነው። ፈረንሳይ ከ1886 ጀምሮ ለሠራዊቷ ለበል የተባለ አዲስ ጠመንጃ ስትገዛ የ1874ቱ ግራ ትርፍ ሆነ። ትርፉ ባሕር ተሻግሮ በርካሽ ወደ እኛ መጣና «ፉዚል ግራ» በአማርኛችን ውጅግራ ሆኖ ቀረ። በ1887 ደግሞ ባለቅኔው አርተር ራምቦ ወደ 2 ሺህ የሚጠጉ ያረጁ ጠመንጃዎች በግመል ጭኖ ሸዋ ሲደርስ፣ ምኒልክ በዋጋው ተከራክረው ነጋዴውን ባዶ ኪሱን ሊያስቀሩት ምንም አልቀራቸውም። አያቶቻችን ርካሽ ጠመንጃ መግዛት ያውቁበት ነበር ማለት ነው።

ያ ጠመንጃ ርካሽ የሆነው አንድ ትልቅ ሀገር ስለጣለው ነው። የአየር ጠመንጃ ታሪክ ግን ከዚህ ይለያል። የእሱ ታሪክ የሚጀምረው ከውድ ነው፤ በጣም ከውድ።

የንጉሠ ነገሥቱ ተአምር

የአየር ጠመንጃ ባሩድ የለውም። ጥይቱን የሚገፋው የታመቀ አየር ነው። አየሩን ለማመቅ ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው ሞላ ነው። ተኳሹ በክንዱ ሞላውን ይወጥራል፤ ቃታው ሲሳብ ሞላው ተፈትልኮ ፒስተኑን ይገፋል፤ ፒስተኑ አየሩን ያምቃል። ሁለተኛው ጠመንጃውን እንደ ብስክሌት ጎማ ደጋግሞ መንፋት ነው። ሦስተኛው ቀድሞ የታመቀ ጋዝ የያዘ ታንክ ወይም ትንሽ ጠርሙስ መግጠም ነው።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በርቶሎሜዎስ ጂራርዶኒ የተባለ የቲሮል ተወላጅ ይህን ሦስተኛውን መንገድ ይዞ ዓለምን ጉድ አሰኘ። የኦስትሪያ ሠራዊት በ1780 ገደማ የተቀበለው ጠመንጃው ሰደፉ የአየር ታንክ ነበር። ከአፈሙዙ ጎን በተገጠመ ቱቦ 20 ያህል ጥይት ይይዛል፤ ሳይጨስና እንደ ባሩድ ሳይጮህ በተከታታይ ይተኩሳል። ልብ በሉ፣ በዚያ ዘመን ሌላው ወታደር ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ቆሞ ባሩድ እየጠቀጠቀ ነበር።

ታዲያ ለምን ዓለምን አልገዛም? መልሱ ወጪው ነው። አንዱን ታንክ ለመሙላት እጅን እስኪያብጥ ወደ 1,500 ጊዜ መንፋት ያስፈልጋል። የቆዳ ጓርኒሲዮኑ ከደረቀ አየር ያመልጣል። ታንኩን ሳያፈስ መሥራት የተካነ ባለሙያ ይጠይቃል፤ ወታደሩም ለብቻው መሠልጠን አለበት። ኦስትሪያ ለሠላሳ ዓመት ገደማ ስትታገል ቆይታ ተወችው። ጠመንጃው ጥሩ ነበር፤ ጠመንጃውን የሚያቆመው ነገር ሁሉ ግን ከጠመንጃው በላይ ያስወጣ ነበር።

ከእነዚህ አንዱ የሚመስል ጠመንጃ አሜሪካ ደረሰ። ሜሪዌዘር ሉዊስ ከክላርክ ጋር ወደ ምዕራብ ለሚያደርገው ታላቅ ጉዞ ገዝቶ ይዞት ነበር። በመንገድ ያገኛቸውን ሕዝቦች ሁሉ ያስደንቅበት ነበር ይባላል። እኛን የሳበን ግን የማስታወሻው መጀመሪያ ነው። ነሐሴ 30 ቀን 1803 ፒትስበርግ አጠገብ ካለች ደሴት ወረደና ሰዎች እስቲ አሳየን ሲሉት 7 ጊዜ ተኮሰ፤ ተዋጣለት። ከዚያ ጠመንጃውን ለማያውቀው ሰው አቀበለው። ሰውዬው ሲነካካው ባረቀበት። ጥይቱ 36 ሜትር ያህል ርቃ የነበረች ሴት ባርኔጣ በስቶ ሰሌናዋን ጫረው። ሴትዮዋ ወደቀች፤ ደሟ ፈሰሰ፤ ሁሉም ሞተች ብሎ ደነገጠ። ደግነቱ ከደቂቃ በኋላ ነቃች፤ ቁስሉም ቀላል ሆኖ ተገኘ።

ያ ታላቅ ጉዞ በማስታወሻው ላይ የሚከፈተው እንግዲህ በዚህ አደጋ ነው። ጠመንጃው አልተበላሸም፤ አየሩም አላመለጠም። የጎደለው የያዘው ሰው እውቀት ብቻ ነበር። ይህችን ሴት አትርሷት፤ ወደኋላ እንመለስባታለን።

ምርቃት

አሁን ወደ ርካሹ እንምጣ። ፕሊመዝ በምትባል የሚሺጋን ትንሽ ከተማ በ1882 አንድ ፋብሪካ ተቋቁሞ ነበር። ሥራው ለገበሬዎች ከጉድጓድ ውሃ የሚስብ፣ በንፋስ የሚዞር ብረት መሥራት ነው። ንግዱ ግን ደከመ። በ1888 ክላረንስ ሃሚልተን የተባለ የፈጠራ ሰው ሁለመናው ብረት የሆነ፣ በሞላ የሚሠራ ትንሽ የአየር ጠመንጃ ይዞ መጣ። በዚያችው ከተማ ከሁለት ዓመት በፊት ማርክሃም የተባለ ሰው ከእንጨት የተሠራ የአየር ጠመንጃ እየሸጠ ስለነበር ሐሳቡ አዲስ አልነበረም። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ሉዊስ ሃፍ ተኩሶ ሞከረውና በዘመኑ የወጣቶች ቋንቋ «ይህማ ዴዚ ነው!» አለ ይባላል፤ እኛ «አሪፍ ነው» እንደምንለው። ስሙ ዴዚ ሆኖ ቀረ።

መጀመሪያ ላይ ጠመንጃው የሚሸጥ ዕቃ እንኳ አልነበረም። የውሃ መሳቢያውን ለሚገዛ ገበሬ የሚሰጥ ምርቃት ነበር። መርካቶ በርበሬ ስትገዙ ነጋዴዋ እፍኝ እንደምትጨምርላችሁ ማለት ነው። ብዙም ሳይቆይ ገበሬው የሚፈልገው ምርቃቱን መሆኑ ታወቀ። በ1895 ኩባንያው ስሙን ቀይሮ ዴዚ ሆነ፤ የውሃ መሳቢያውንም ተወው።

ጂራርዶኒ የወደቀበትን ፈተና ዴዚ እንዴት አለፈው? ሁሉን ነገር በመቀነስ ነው። ታንክ የለም፤ ሞላ ብቻ። የተፈለፈለ ከባድ ብረት የለም፤ የታጠፈ ቆርቆሮ ብቻ። ኃይሉ ትንሽ ነው፤ ርቆ አይመታም። ግን ፓምፕ አይፈልግም፣ ባለሙያ አይፈልግም፣ ባሩድ አይፈልግም። የገበሬ ልጅ በኪስ ገንዘቡ የሚደርስበት ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ ያልቻለውን የውሃ መሳቢያ ሻጩ ቻለው።

ገዢውም ተቀየረ። የጂራርዶኒ ደንበኛ ጄኔራል ነበር፤ የዴዚ ደንበኛ ልጅ ነው። ኩባንያው ዋናው ገበያው አባት ሳይሆን አባቱን የሚነዘንዘው ልጅ መሆኑን ቀድሞ ገባው። በ1940 ሬድ ራይደር ከተባለ የካውቦይ የሥዕል ታሪክ ጀግና ስም ተውሶ ያወጣው ጠመንጃ ዋጋው 2 ዶላር ከ95 ሳንቲም ነበር። ያ ሞዴል ስሙን እንደያዘ እስከ ዛሬ ይሸጣል። በ1983 የወጣው «ኤ ክሪስማስ ስቶሪ» የተባለው ፊልም ከመነሻው እስከ መድረሻው ይህንኑ ጠመንጃ ለገና ለማግኘት የሚማስን ልጅ ታሪክ ነው። እናቱም አስተማሪውም ዓይንህን ታወጣለህ እያሉ ይከለክሉታል። የአጎታችን ልጅ የሚያደርገውን ንዝነዛ አሜሪካኖቹ ፊልም አድርገውታል ማለት ነው።

የኩሽኔታ ብይ

በፊልሙ ውስጥ ልጁ ጠመንጃውን ያገኛል፤ የመጀመሪያዋ ጥይት ከብረት ነጥራ ተመልሳ ፊቱን ትመታዋለች። ይህ የደራሲ ቧልት ብቻ አይደለም፤ ጀርባው ታሪክ አለው።

ድሮ እነዚህ ጠመንጃዎች የሚተኩሱት የእርሳስ ፍሬ ነበር። እርሳስ ለስላሳ ስለሆነ ጠንካራ ነገር ሲመታ ይጨፈለቃል። በ1920ዎቹ ሚኒያፖሊስ ከተማ ልጆች ከኩሽኔታ ፋብሪካ የተጣሉ ጥቃቅን የብረት ፍሬዎች እየለቀሙ ይተኩሱ ጀመር። ሰፈራችን ውስጥ የተሰበረ ኩሽኔታ ፈልቅቀን ብይ የተጫወትን ሁሉ ነገሩ ይገባናል፤ ነፃ ነገር ልጅን ይጠራል። ብረቱ መጀመሪያ ጠመንጃዎቹን አበላሸ። ኋላ ግን ኩባንያው ራሱ ለጠመንጃው የሚስማማ የብረት ፍሬ ወደ መሸጥ ገባ፤ ርካሽ ነዋ። ዛሬ ቢቢ የሚባለው ድቡልቡል ጥይት ብረት የሆነው እንዲህ ነው።

ብረት ግን አይጨፈለቅም፤ ይነጥራል። ቆርቆሮ፣ ግንብ፣ የዛፍ ግንድ ሲመታ ወደመጣበት ሊመለስ ይችላል። የመጣበት ደግሞ ከማነጣጠሪያው ጀርባ ያለው ዓይን ነው። ከጥይቱ ዋጋ ላይ የተቀነሰው ሳንቲም አልጠፋም፤ ወደ ልጁ ዓይን ተዛወረ። ይህን ሒሳብ ያዙልን።

ጉልበትና ፍጥነት

እንግሊዞች በሌላ መንገድ ሄዱ። በ1905 የበርሚንግሃሙ ቢኤስኤ ሊንከን ጄፍሪስ የፈጠረውን የሞላ ጠመንጃ መሥራት ጀመረ። የዴዚ ቧንቧ ውስጡ ልሙጥ ነው፤ የቢኤስኤው ግን ጥይቱን የሚያሽከረክር ጥርብ ስላለው የእርሳስ ጥይቱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ደንበኞቹም አዋቂዎች ነበሩ። በመጠጥ ቤቶች ውስጥ መሐሉ የተበሳ ብረት ተሰቅሎ ከጀርባው ደወል ይደረጋል፤ ጥይቱ በቀዳዳው ካለፈ ደወሉ ይጮኻል። የሠራተኛው ሰፈር ሰው ቢራውን ይዞ በቡድን ይወዳደር ነበር።

መንግሥታትም ከጊዜ በኋላ መለኪያ አወጡ። እንግሊዝ በ1969 ያወጣችው ደንብ ጣሪያውን 16 ጁል ገደማ ላይ አቆመው፤ ከዚያ በላይ ያለው ጠመንጃ ፈቃድ ይጠይቃል። በጀርመን አንድ አዋቂ ያለ ፈቃድ የሚገዛው እስከ 7.5 ጁል ያለውን ነው። በ2005 ግላስጎው ውስጥ አንድ የ2 ዓመት ሕፃን በአየር ጠመንጃ ጥይት ጭንቅላቱን ተመቶ ሞተ። ከረጅም ክርክር በኋላ ስኮትላንድ ከ2016 ማብቂያ ጀምሮ ለአየር ጠመንጃ ሁሉ ፈቃድ ግዴታ አደረገች።

ይህ ለገዢ ምን ይጠቅመዋል? የአሜሪካ ካርቶኖች ላይ በትልቁ የሚጻፈው ፍጥነት ነው፤ ጉልበቱ የሚታወቀው ግን ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ ነው። ሬድ ራይደር የ0.33 ግራሙን ፍሬ በሰከንድ 107 ሜትር ገደማ ይወረውራል፤ ይህ 2 ጁል እንኳ አይሞላም። በሰከንድ 305 ሜትር ይሄዳል የተባለ ጠመንጃ 0.45 ግራም እርሳስ ቢተኩስ 21 ጁል ይሆናል። ፍጥነቱ ሦስት እጥፍ እንኳ አልሞላም፤ ጉልበቱ ግን ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። ሁለቱም ከመቶ ዶላር ብዙም በማይርቅ ዋጋ አንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ። ሻጩ «በዚሁ ብር የበለጠ ኃይል» ሲል ለ13 ዓመት ልጅ ምን እየሸጠ እንደሆነ አስቡት። ዓይንን ለማጥፋት ደግሞ ትንሹም ይበቃል።

ኦሃዮ፣ 2014

እስከዚህ ድረስ እየሳቅን ነበር የምናነበው። ከዚህ በኋላ ያገኘነውን ለአጎታችን እንዴት እንደምንነግራቸው ተጨነቅን።

ነሐሴ 5 ቀን 2014፣ ከኮሎምበስ በመኪና አንድ ሰዓት ከምናምን በምትርቀው ቢቨርክሪክ ከተማ፣ የ22 ዓመት ጥቁር ወጣት ዋልማርት ገበያ ውስጥ በስልክ እያወራ ይዘዋወር ነበር። ለሽያጭ ከቀረቡት መካከል ከካርቶኑ የወጣ የአየር ጠመንጃ ከመደርደሪያ አነሳ። አንድ ገበያተኛ ጠመንጃ የያዘ ሰው አለ ብሎ ፖሊስ ጠራ። ፖሊሶች ገብተው ተኩሰው ገደሉት። ኦሃዮ እውነተኛ ጠመንጃ በአደባባይ መያዝ የሚፈቀድባት ግዛት ናት። የክስ መርማሪ ሸንጎው ፖሊሶቹ እንዲከሰሱ አልወሰነም።

በዚያው ዓመት በኅዳር ወር፣ በዚያችው ኦሃዮ፣ ክሊቭላንድ ውስጥ አንድ የ12 ዓመት ጥቁር ልጅ መናፈሻ ውስጥ የፕላስቲክ ፍሬ የሚተኩስ መጫወቻ ሽጉጥ ይዞ ሲጫወት በፖሊስ ተገደለ። መጫወቻነቱን የሚያሳየው ብርቱካናማ ጫፍ ከሽጉጡ ላይ አልነበረም። የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ከ1988 ጀምሮ መጫወቻ ጠመንጃዎች ይህ ምልክት እንዲኖራቸው ያዛል፤ ቢቢና የእርሳስ ጥይት የሚተኩሱ የአየር ጠመንጃዎችን ግን ከግዴታው ነፃ አድርጓቸዋል። መጫወቻ ስላልሆኑ ብርቱካናማ ጫፍ የላቸውም፤ በፌዴራሉ ሕግ ጠመንጃም አይባሉም።

የክፍሉ ልጆች ሁሉ አላቸው የሚለውን የአጎታችንን ልጅ አመንነው። ግን የክፍሉ ልጆች ይዘውት ጓሮ ሲወጡ የሚታዩበት ዓይንና እሱ የሚታይበት ዓይን አንድ ላይሆን ይችላል። መደብሩ ዋጋውን ለሁሉም እኩል ጽፎታል። የሚያስከፍለው ግን ለሁሉም እኩል አይደለም።

ለአጎታችን የሰጠነው መልስ

ምክራችንን በወረቀት ጽፈን በስልክ አነበብንላቸው። እነሆ፦

አንደኛ፣ ከመቶው ዶላር መጀመሪያ የሚገዛው የዓይን መከላከያ መነጽር ነው፤ ለልጁ ብቻ ሳይሆን አጠገቡ ለሚቆም ሁሉ።

ሁለተኛ፣ በካርቶኑ ላይ ትልቁን ቁጥር አትፈልጉ። ለጀማሪ ትንሽ ጉልበት ያለው፣ ልጁ በራሱ ክንድ ሊወጥረው የሚችል፣ ከቁመቱ ጋር የሚመጣጠን ይበቃል። ታንክ የሚሞላው ዘመናዊ ዓይነት የጂራርዶኒን ጣጣ ይዞ ይመጣል፤ ጠመንጃው ሲረክስ ፓምፑ ይወደዳል።

ሦስተኛ፣ በምርቃት የሚመጣ ርካሽ መነጽር የተገጠመለትን ተዉት። በተራው የብረት ማነጣጠሪያ መማር ይሻላል፤ የሚበላሽም ነገር የለውም።

አራተኛ፣ ቢቻል ጥርብ ቧንቧ ያለውና የእርሳስ ጥይት የሚተኩስ ይሁን፤ በትክክል ይመታል፣ እንደ ብረትም አይነጥርም። ከተኩስ በኋላ ግን እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ እርሳስ መርዝ ነው። የብረት ቢቢ ከሆነ ዒላማው ወረቀት፣ ከኋላው ያለው ለስላሳ ነገር ይሁን። ቆርቆሮና ጠርሙስ አይተኮስም።

አምስተኛ፣ ጠመንጃው ከማኅደሩ ሳይወጣ መኪና ውስጥ ይገባል፤ ከማኅደሩ ሳይወጣ ቤት ይገባል። መናፈሻ፣ መንገድ፣ የግቢ በር ላይ በፍጹም አይታይም። የከተማውንም ደንብ ጠይቁ፤ ከቦታ ቦታ ይለያያል።

ስድስተኛው ግን ከሁሉ በላይ ነው፤ እስቲ አሁን አትግዙ። ፎር ኤች የተባለው የአሜሪካ ወጣቶች ድርጅት ኦሃዮን ጨምሮ በብዙ ቦታ ልጆችን በአየር ጠመንጃ ዒላማ ተኩስ ያሠለጥናል። አሠልጣኝ አለ፣ ቦታ አለ፣ መነጽር ግዴታ ነው። ዴዚ ራሱ በሚያዘጋጀው ሀገር አቀፍ ውድድር ከ8 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች በ5 ሜትር ርቀት ይወዳደራሉ። ስፖርቱ ቀልድ አይደለም። ከ1984 ጀምሮ የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ የኦሊምፒክ ውድድር ነው፤ ሕንድ በታሪኳ የመጀመሪያውን የግል የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘችው በ2008 ቤጂንግ ላይ አቢናቭ ቢንድራ በዚሁ መሣሪያ ሲያሸንፍ ነው።

ፒትስበርግ ላይ ያቺን ሴት ያቆሰላት የጠመንጃው ጥራት ማነስ አልነበረም፤ ጠመንጃው በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ ምርጥ ከሚባሉት አንዱ ነበር። የጎደለው ሳያሳዩ መስጠት እንደሌለባቸው የሚያውቅ ሰው ነበር። ይህ ነገር ደግሞ መደብር ውስጥ በምንም ዋጋ አይሸጥም።

አጎታችን አንብበን እስክንጨርስ ዝም አሉ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎን «ጋሼ?» አልን። «አለሁ» አሉ። ቀጥለውም እንዲህ አሉን፦ «አባቴ ያንን ውጅግራ አንድ ዓመት ሙሉ እንድወለውለው ብቻ ነበር የሚሰጠኝ። ጥይት አያሳየኝም። እናደድ ነበር። እኔ ለልጄ ያን አንድ ዓመት ዘልዬ በመቶ ዶላር ልገላገል ነበር ለካ።»

ሦስት ወር አለፈ። ባለፈው ሳምንት እንደ ልማዳቸው እኩለ ሌሊት ላይ ደወሉ። ልጁን ሥልጠና አስገብተውታል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እያደረሱት ቆመው ያያሉ። መነጽር የተገዛው ለሁለት ሰው ነው። የመጀመሪያ ቀን ከ10 ጥይቶቹ ወረቀቱን ያገኙት 2 ብቻ ነበሩ፤ አሁን 9 ደርሰዋል። ከመቶው ዶላር የተረፈው ለቤንዚን ሄደ።

ለምን እንደደወሉ ጠየቅናቸው። ልጁ ውድድር ሊገባ አስቧል፤ የውድድር ጠመንጃ ደግሞ ዋጋው ሰማይ ነው አሉ።

«እስቲ አጣሩልኝ።»